ጥቁሩ ልብስ እንዳይነጣ

እዚህ ካኩማ መርዶ የሚደርሰን በስልክ ነው። ቀብር ላይ መድረስ ስለማይቻል የሚቀረን ተሰብስቦ ማልቀስና ጥቁር መልበስ ነው። ታዲያ ያቺ አንዲት ጥቁር ቀሚስ ከቤት ቤት ስትዋስ፣ በዚህ ፀሐይ ብዙም ሳትቆይ አመድ ትመስላለች።

ግን ነጣ የተባለ ልብስ ሁሉ ቀለሙ ለቋል ማለት አይደለም። ውሃ በወረፋ ስለምንቀዳ ማለቅለቂያው ላይ እንሰስታለን፤ ሳሙናው ጨርቁ ላይ ቀርቶ ነጭ ሆኖ ይደርቃል። ስለዚህ አስቀድመን እንፈትን። የቀሚሷን ጥግ ጥቂት አቼቶ ባለበት ውሃ አሽተን፣ አለቅልቀን፣ ጥላ ላይ እናድርቅ። ደርቃም ከጠቆረች ጥፋቱ የሳሙናው ነው፤ ሙሉውን እንደዚያው ማጠብ ይበቃል። (አቼቶና በረኪና ግን በፍጹም አይቀላቀሉም፤ ጋዙ ይመርዛል። በረኪና ለጥቁር ልብስ መቼም አይሆንም።)

ቀለሙ በእርግጥ ከሄደ የዱቄት ቀለም ገዝቶ መንከር ነው። ተራው የገበያ ቀለም ጥጥ እንጂ ፖሊስተር አይዝም። ከእጥፋቱ ውስጥ አንድ የጨርቁን ክር መዛችሁ ለኩሱ። እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ከሆነ ጥጥ ነው። ቀልጦ ጠጠር ከሠራ ፖሊስተር ነውና ገንዘባችሁን አታባክኑ። የተነከረበት ድስት ወጥ አይሠራበትም።

ጨው ቀለም ያስይዛል የሚባለውም ሲነከር ነው፤ ያለቀለት ልብስ ሲታጠብ ጨው መጨመር ጥቅም የለውም። ገልብጦ በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ፣ ሳይዘፈዘፍ ብዙ ሳይቆይ ማውጣት፣ ገልብጦ ጥላ ላይ ማስጣት ይሻላል። የተዋሰችውም እህት አጥባ ስትመልስ፣ እባካችሁ፣ አጥር ላይ ፀሐይ አታስመታት።