አጀንዳ ያልሆነው ቀውስ

በባንክ የቦርድ ጸሐፊ ነኝ። አጀንዳ አዘጋጃለሁ፣ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ፣ አስፈርማለሁ። ባንኮች ሲወድቁና የአገር ኢኮኖሚ ሲናጋ ባለሥልጣናት «ኃላፊነቱ የሁላችንም ነው» ሲሉ በሰማሁ ቁጥር፣ ሁሉም የተቀመጡበት ስብሰባ ቃለ ጉባኤ የት እንዳለ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ይህን ጥያቄ ፍርድ ቤት ድረስ የወሰደችው አይስላንድ ናት። እ.ኤ.አ. በ2008 ኦክቶበር ወር ሦስቱ ትልልቅ ባንኮቿ፣ ግሊትኒር፣ ላንድስባንኪና ካውፕቲንግ፣ በቀናት ውስጥ ተከታትለው ወደቁ። ጠቅላላ ሀብታቸው የአገሪቱን ዓመታዊ ምርት አሥር እጥፍ ያህል ስለነበር መንግሥት ላድናቸው ቢልም አቅም አልነበረውም። አደጋው ግን ሳይታሰብ የመጣ አልነበረም። ፓርላማው ያቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን በ2010 ባቀረበው ሪፖርት እንደተገለጸው፣ የማዕከላዊ ባንኩ ገዥዎች ገና በ2008 መጀመሪያ ስጋታቸውን ለጠቅላይ ሚኒስትር ጌይር ሃርዴ ነግረው ነበር። የባንክ ጉዳይ በቀጥታ የሚመለከተው የንግድ ሚኒስትር ግን አልተጠራም።

እንዲህ ያለው ዝምታ ከምን እንደሚመጣ በሥራዬ አውቃለሁ። የጥሬ ገንዘብ እጥረት ወሬ ከቢሮ ከወጣ ደንበኛው በማግስቱ ገንዘቡን ሊያወጣ ይሰለፋል። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ መላ ግን አለው። ሰነዱ በቁጥር ይታደላል፣ ስብሰባው ሲያበቃ ተመልሶ ይሰበሰባል፣ ቃለ ጉባኤው በምስጢር ይያዛል። ምስጢር ለመጠበቅ ተብሎ ስብሰባው ራሱ ሊቀር አይገባም።

ሃርዴ የቀረበው ሚኒስትሮችን እንዲዳኝ በ1905 ተቋቁሞ እስከዚያ አንድም ጊዜ ባልተሰየመው ላንድስዶሙር በተባለ ልዩ ፍርድ ቤት ነው። ችሎቱ በኤፕሪል 2012 ካያቸው አራት ክሶች በሦስቱ ነጻ አወጣው። ጥፋተኛ ያለው በአንዱ ብቻ ነው፤ ከባድ የአገር ጉዳይን ለሚኒስትሮች ስብሰባ ባለማቅረቡ። ቅጣት አልጣለበትም። የሥነ ሥርዓት ግድፈት ነው ብለው ያቃለሉት አሉ። እኔ ግን ከሁሉም የከበደው ጥፋት ይህ ይመስለኛል። ጉዳዩን ያልሰማ ሚኒስትር አይከራከርበትም፣ የልዩነት ሐሳቡን አያስመዘግብም፣ ካልተስማማሁ ልልቀቅ ሊልም አይችልም። ታዲያ ምኑን ነው የሚጋራው?

የሚያሳዝነኝ የፓርላማው አካሄድ ነው። እንዲከሰሱ ሐሳብ የቀረበው በአራት ሚኒስትሮች ላይ ነበር። ምክር ቤቱ በ33 ለ30 ድምፅ ሃርዴን ብቻ ለፍርድ አቀረበ፤ አንዳንድ አባላት የሌላውን ፓርቲ መሪ ከስሰው የራሳቸውን ሚኒስትር አሳለፉ። የማዕከላዊ ባንኩን ስጋት አብረው የሰሙት የገንዘብና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች «ይህ ለምን ለሙሉ ስብሰባ አይቀርብም?» ብለው እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ በተከሳሽነት አልተጠየቁም። የሰማም ዝም ካለ ተጠያቂ ነው ባይ ነኝ።

የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 72 የሚኒስትሮች ምክር ቤት አባላት በጋራ ለሚሰጡት ውሳኔ የጋራ ኃላፊነት እንዳለባቸው ይደነግጋል። ሃርዴ የተፈረደበት የአይስላንድ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 17 ደግሞ ከውሳኔው በፊት ያለውን ይይዛል፤ ከባድ የአገር ጉዳይ ሲኖር ሚኒስትሮች ተሰብስበው እንዲመክሩበት ያስገድዳል። በቦርድ ሥራዬ የምጠብቀው ይህን ሁለተኛውን ነው። የተበላሸ ብድር «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» ከሚለው ሥር ተሸጉጦ ሲመጣልኝ አውጥቼ ለብቻው አጀንዳ እንዲሆን ለሰብሳቢው አቀርባለሁ።