ሲሚንቶ የሚበላው ሶሌታው ነው ወይስ ፎርማኑ?

የሕንፃ ግንባታ ቴክኖሎጂ ትምህርት በአሠሪው ኪስ ሲመዘን

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለማሠራት የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የሲሚንቶ ዋጋ ነው። ቀጥሎ የፌሮን፣ ከዚያም የብሎኬትንና የአሸዋን ዋጋ ያጠያይቃል። በኩንታል ጥቂት ብር የሚቀንስ አከፋፋይ አለ ከተባለ ከተማውን ከዳር ዳር ለማቋረጥ አይሰንፍም። ይኸው ሰው ግን ሲሚንቶውንና ፌሮውን ተረክቦ ሥራ ላይ የሚያውለውን ፎርማን ሲቀጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሳው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «በወር ስንት ትፈልጋለህ?»

ፎርማኑ በወር የሚጠይቀው ገንዘብ ከጠቅላላው የግንባታ ወጪ ጋር ሲነፃፀር ትንሽ ነው። በእጁ የሚያልፈው ዕቃ ግን ከወጪው ትልቁን ድርሻ ይይዛል። ስለዚህ በደመወዝ የተገኘችው ቁጠባ በዕቃ ብክነት ተመልሳ ትወጣለች። ለመሆኑ በኮሌጅ የሕንፃ ግንባታ ቴክኖሎጂ የተማረ ባለሙያ ለአሠሪው የሚያተርፈው ምንድን ነው? ትርፉ ካለስ ገበያው ለምን በአግባቡ አይከፍለውም?

ከሕንፃ ኮሌጅ እስከ ፖሊ ቴክኒክ

በአገራችን የሕንፃ ሥራ ዘመናዊ ትምህርት ስሙ የሚነሳው እ.ኤ.አ. በ1954 በስዊድን መንግሥት ትብብር ልደታ አካባቢ ከተቋቋመው የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ ጋር ነው። ተቋሙ ከጊዜ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ሆኖ ነበር። በመካከለኛ ደረጃ የሚሠለጥነው ባለሙያ ግን የሚወጣው እንደ ጄኔራል ዊንጌት ካሉ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጆችና በየክልሉ ካሉ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ነው።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ10ኛ ክፍል በኋላ ተማሪውን ወደ መሰናዶና ወደ ቴክኒክና ሙያ ከፈለው። በዚያ ዘመን «10 ሲደመር 1»፣ «10 ሲደመር 2» እየተባለ ይጠራ የነበረው ሥልጠና በ2000 ዓ.ም. የወጣውን ብሔራዊ ስትራቴጂ ተከትሎ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 በሚዘልቅ መሰላል ተተክቷል። በታችኞቹ ደረጃዎች ሠልጣኙ በእጅ ሥራው ላይ ያተኩራል። ግንባታ፣ አናጺነት፣ ፌሮ ማሰርና ልስን የዚህ ክፍል ናቸው። ወደ ላይኞቹ ደረጃዎች ሲወጣ ፕላን ማንበብ፣ የዕቃ መጠን ማስላት፣ የሥራ ቅደም ተከተል ማውጣት፣ ጥራት መቆጣጠርና ሠራተኛ ማስተባበር ይጨመራሉ። ሥልጠናው 70 በመቶ በተግባር፣ 30 በመቶ በንድፈ ሐሳብ እንዲሆን የታሰበ ሲሆን ከተግባሩ ብዙው ድርጅት ውስጥ ገብቶ የሚከናወን ነው።

ትምህርቱ በአንድ ቃል ይጠቃለል ከተባለ ቃሉ «ልክ» ነው። ተማሪው በቱምቢ፣ በውሃ ልክና በሜትር ይጀምራል፤ ሲጨርስ ደግሞ በወረቀት ላይ ያለን ሥዕል ወደ ኩንታል፣ ወደ ሜትር ኩብና ወደ ኪሎ መመንዘር ይጠበቅበታል።

ሁለት ሳንቲ ሜትር ስንት ኩንታል ነው?

የዕቃ ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ሒሳቡን በብር ሳይሆን በመጠን ማየቱ ይሻላል። አንባቢው በዕለቱ ዋጋ ይምታው።

አንድ ነጋዴ ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር፣ ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሶሌታ ያስሞላል እንበል። የሚያስፈልገው አርማታ 22.5 ሜትር ኩብ ነው። በአገራችን የተለመደው ሲ-25 አርማታ ለአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ እንደሚፈልግ ቢያዝ፣ በጠቅላላው 81 ኩንታል ይገባል ማለት ነው።

አሁን የጣውላው ወለል በውሃ ልክ ሳይጣራ ቀረ፤ አንዱ ቦታ ረገብ፣ ሌላው ቦታ ከፍ አለ። ከላይ እኩል ለማድረግ ሲባል የሶሌታው አማካይ ውፍረት 17 ሳንቲ ሜትር ደረሰ። አርማታው 25.5 ሜትር ኩብ፣ ሲሚንቶው ደግሞ 91.8 ኩንታል ሆነ። በሁለት ሳንቲ ሜትር ስህተት ወደ 11 ኩንታል የሚጠጋ ሲሚንቶ ከነአሸዋውና ከነጠጠሩ ተበላ። ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። የተጨመረው 3 ሜትር ኩብ አርማታ ክብደቱ ከ7 ቶን በላይ ነው። ይህ ጭነት መሐንዲሱ ሲያሰላ ያልነበረ ሲሆን ሕንፃው በቆመበት ዘመን ሁሉ ቢሙና ኮለኑ ይሸከሙታል።

ባለቤቱ በዚህ ጊዜ የሚያማርረው አብዛኛውን ጊዜ ዘበኛውን ነው። «ሲሚንቶዬ ተሰረቀ» ይላል። ሲሚንቶው ግን ከራሱ በላይ ጣሪያ ላይ ተጋድሟል።

የፌሮ ቁራጭ

ፌሮ ከፋብሪካ የሚወጣው ባለ 12 ሜትር ሆኖ ነው። ፕላኑ 5 ሜትር ርዝመት ያላቸው 100 ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮዎች ያዛል እንበል። ፌራዮው ከአንዱ ዘንግ ሁለት ባለ 5 ሜትር እየቆረጠ ከሄደ 50 ዘንግ ይጨርስና ከእያንዳንዱ 2 ሜትር ይተርፈዋል። ቁራጩ ሲደመር 100 ሜትር ነው። ባለ 12 ፌሮ በሜትር 0.888 ኪሎ ስለሚመዝን ወደ 89 ኪሎ ብረት ማለትም ከስምንት ዘንግ በላይ በየጥጉ ይወድቃል። ከተገዛው ስድስት ዘንግ አንዱ ለቁርጥራጭ ገዢ ሆነ ማለት ነው።

የተማረው ባለሙያ ከመቁረጡ በፊት የፌሮ ሠንጠረዥ ያዘጋጃል። በሌላ ቢም ላይ ባለ 7 ሜትር የሚፈለግ ከሆነ 5ን ከ7 ጋር አጣምሮ አንዱን ዘንግ ያለ ቁራጭ ይጨርሰዋል። ይህ የአንድ ከሰዓት የወረቀት ሥራ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ይህ ስሌት ይበልጥ ከብዷል። ከለውጡ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ለፌሮና ለማጠናቀቂያ ዕቃዎች የሚውለው ግብዓት በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ በመሆኑ፣ ትናንት እንደ ዋዛ የሚጣለው ቁራጭ ዛሬ የሚጣል ዶላር ሆኗል።

አንድ ባልዲ ውሃ

ከላይ ያየናቸው ጥፋቶች ኪስ ይጎዳሉ። የሚከተለው ግን ሕይወትም ይነካል።

በተለመደው 1 ለ2 ለ3 ቅልቅል አንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ፣ ሁለት ሳጥን አሸዋና ሦስት ሳጥን ጠጠር ይገባል። ሳጥኑ 50 በ40 በ18 ሳንቲ ሜትር ሲሆን 36 ሊትር ይይዛል። ውሃው የሲሚንቶው ክብደት ግማሽ እንዲሆን ከተፈለገ ለከረጢቱ 25 ሊትር ይበቃል። ይሁንና ሠራተኛው አርማታው «ደረቀብኝ» ብሎ 5 ሊትር ቢጨምር መጠኑ ከ0.5 ወደ 0.6 ያድጋል። አሜሪካዊው ደፍ ኤብራምስ እ.ኤ.አ. በ1918 እንዳሳየው ውሃ በሲሚንቶ ላይ በበዛ ቁጥር የአርማታ ጥንካሬ ይወርዳል። በዚህ ምሳሌ የሚጠፋው ጥንካሬ አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። ባለቤቱ የሲ-25 ሲሚንቶ ከፍሎ የሲ-20 አርማታ ያገኛል።

ክረምት ላይ ደግሞ ማንም ሳይጨምር ውሃው ይጨመራል። ሁለት ሳጥን አሸዋ ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ዝናብ የመታው አሸዋ 5 በመቶ እርጥበት ከያዘ ያቺ 5 ሊትር አስቀድማ ገብታለች። ይህን የሚያውቅ ፎርማን ከበርሜሉ የሚቀዳውን ውሃ ይቀንሳል። የማያውቀው በበጋው ልክ ይቀዳል። ከተሞላ በኋላ አርማታውን ቢያንስ ለ7 ቀናት ውሃ ማጠጣት እንደሚያስፈልግም ብዙው ሰው ቢያውቅም፣ እሑድና በዓል ሲመጣ የሚያስታውሰው ጥቂቱ ነው።

በትልልቅ ሕንፃዎች ላይ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ አለ፤ የአርማታ ናሙና ተወስዶ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ይፈተሻል። ባለ አንድ ፎቅ መኖሪያ ወይም ሱቅ በሚሠራበት ግቢ ግን ከጠዋት እስከ ማታ የሚገኘው ፎርማኑ ብቻ ነው። የቤተሰብ የዕድሜ ልክ ቁጠባ የሚፈሰውም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ዓይነቱ ግቢ ነው።

ገበያው ለምን አይከፍልም?

ትርፉ ይህን ያህል ከሆነ አሠሪዎች የተማረውን ባለሙያ ለምን አይሻሙበትም? መልሱ የሚታይ ነገር ስለሌለ ነው። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሻጩ የሚያውቀውን ጉድለት ገዢው ማየት በማይችልበት ገበያ ገዢው ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ እንደሚሰጥ፣ በዚህም ጥሩው መኪና ከገበያ እንደሚሸሽ አስረድተዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩበት ሥራ አንዱ ይኸው ነው። የከተማችን የመኪና ደላሎች ጉዳዩን ያለ ኖቤል ያውቁታል።

የፎርማን ገበያም እንዲሁ ነው። ችሎታው ሲቀጠር አይታይም፤ ስህተቱ ደግሞ ልስን ተለስኖና ቀለም ተቀብቶ ይሸፈናል። ስንጥቁ ብቅ ሲል ፎርማኑ ሦስት ሳይት ቀይሯል። ስለዚህ አሠሪው ለሁሉም አንድ ዓይነት ዝቅተኛ ክፍያ ያቀርባል፤ ልክ የሚያውቀውም ሌላ ሥራ ይፈልጋል።

የምዘና ሥርዓቱ የታሰበው ይህን ለማቃለል ነው። ሠልጣኙ ከኮሌጁ ውጭ ባለ አካል ተመዝኖ የብቃት ማረጋገጫ ማለትም በተለምዶ «ሲኦሲ» የሚባለውን ያገኛል። በሥርዓቱ ኮሌጅ ሳይገባ በሥራ ላይ የለመደም መመዘን ይችላል። ይህ ተገቢ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ በጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት ያሠለፋቸው ብዙ ወጣቶች ሙያውን የለመዱት በሳይት ላይ ነው፤ ከእነሱም ውስጥ ዓይናቸው ከውሃ ልክ የማይተናነስ ግንበኞች ወጥተዋል። በአንፃሩ ወረቀት ይዞ ሶሌታ ሲሞላ ቆሞ ያላየም አለ።

ለዚህ ግማሹ ጥፋት የአሠሪው ነው። 70 በመቶው ተግባር የሚሳካው ኮንትራክተሩ ሠልጣኙን ሲቀበል ነው። ብዙው ኮንትራክተር ግን «እኔ አስተምሬ ሌላው ሊወስደው» ብሎ በሩን ይዘጋል። ሁሉም እንዲህ ካሰበ የሚወሰድም ሰው አይኖርም። በዚህ ላይ የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ያልገባ የሚላክበት ነው የሚለው የቆየ አመለካከት ሲጨመር፣ ጎበዙ ተማሪ ራሱ ወደዚያ አይመለከትም።

አሠሪው ምን ይጠይቅ?

የምስክር ወረቀት መጠየቅ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። ፎርማን የሚቀጥር ሰው ከደመወዝ ድርድሩ በፊት ፕላኑን ዘርግቶ ሦስት ነገር ቢጠይቅ ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም።

አንደኛ፣ «ይህ ሶሌታ ስንት ኩንታል ይበላል?» ይበለው። የሚያውቅ ሰው ርዝመት፣ ስፋትና ውፍረት ከፕላኑ አንብቦ በወረቀት ያባዛል። የማያውቀው «ወደ መቶ ይሆናል» ይላል።

ሁለተኛ፣ «ከስንት ዘንግ ስንት ቁራጭ ይወጣል?» ብሎ የፌሮ ሠንጠረዥ እንዲያሳየው ይጠይቅ።

ሦስተኛ፣ «ትናንት ማታ ቢዘንብ ዛሬ ውሃውን ምን ታደርገዋለህ?» ይበለው። ይህቺ ጥያቄ የለመደውንና የገባውን ትለያለች።

ሦስቱንም የመለሰ ሰው፣ ከኮሌጅም ይምጣ ከሳይት፣ ከሌላው በወር ጥቂት ሺህ ብር ቢበልጥ ውድ አይደለም። ብልጫውን በ11 ኩንታል ሲሚንቶና በ89 ኪሎ ፌሮ ዋጋ አስተያይቶ መወሰን የባለቤቱ ፋንታ ነው።

«ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል» ይባላል። ሶሌታ ደግሞ አንዴ ከደረቀ በኋላ ቆመውም የሚያወርዱት አይደለም።