«እውቅናው በሂደት ላይ ነው» ከተባላችሁ

ይጁቤ ከተማ ላይ ከእኔ መድኃኒት ሊገዙ የሚመጡ ወላጆች ይጠይቁኛል፦ «ኮሌጁ የፋርማሲ እውቅናው በሂደት ላይ ነው ብሎናል፤ ልጄን ላስመዝግብ?» እስኪወጣ ጠብቁ እላለሁ። አንዳንዱ በእርግጥ ያገኛል፤ ያላገኘ ለት ግን ኪሳራው የልጁ ነው።

በዲግሪ ደረጃ የእውቅና ፈቃዱን የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፤ የሚሰጠውም ለኮሌጁ ስም ሳይሆን ለየካምፓሱና ለየትምህርት ዓይነቱ ነው። አዲስ አበባ ላይ ለነርሲንግ የወጣ ፈቃድ ደብረ ማርቆስ ላይ ፋርማሲ ለማስተማር አያገለግልም። ስለዚህ የእውቅና ደብዳቤውን አስወጥታችሁ ካምፓሱን፣ ፕሮግራሙንና የሚያበቃበትን ቀን አንብቡ፤ ከዚያ ባለሥልጣኑን ራሱን ጠይቁ።

ፋርማሲ አምስት ዓመት ይፈጃል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና አለ፤ ቀጥሎ የጤና ሚኒስቴር የብቃት ምዘና። እውቅና የሌለው ትምህርት፣ ልጁ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ እዚያ አያደርስም፤ ያለ ሙያ ፈቃድ ደግሞ ፋርማሲስት ሆኖ መቀጠር የለም። ለክፍያ የተሸጠው በሬም አይመለስም። አስቀድማችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ ደረሰኙን አትጣሉ።