ነጭ ዓሣ በወንዝ አፍ፦ የክረምት መውጫ ማስገር በጣና

በጣና ዙሪያ የወንዝ ዓሣ ማስገር ሐምሌ ላይ ይጀምርና ነሐሴና መስከረም ላይ ይደራል። በዚህ ወቅት የሚፈለገው ነጭ ዓሣ ነው፤ በሳይንሳዊ አመዳደብ ላቢዮባርበስ ከሚባለው ወገን ነው። ከዚህ ወገን በጣና 15 ያህል ዝርያዎች ተለይተው የታወቁ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ከጣና በቀር የትም አይገኙም። ይህም የሆነው ከታች፣ ከዓባይ ወንዝ የሚመጣ ዓሣ ወደ ሐይቁ እንዳይወጣ 40 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ስላገደው ነው።

ቀረሶ የተባለው ሌላው የጣና ዓሣ የሚራባው በሐይቁ ዳር፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ነው። ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች ግን ቢያንስ ሰባቱ እንቁላል ለመጣል ወንዝ ይወጣሉ። ዝናቡ ሲበረታ እንደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል አባይ ባሉ ወንዞች አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ሙላቱ ጋብ ማለት ሲጀምር ሽቅብ ይጓዙና ዋናውን ወንዝ ትተው ወደ ገባሮቹ ይገባሉ። የሚፈልጉት ጠጠር የተነጠፈበት፣ ጠራ ያለና ፈጥኖ የሚወርድ ውሃ ነው። እንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ይሸጎጣል፤ ወራጁ ውሃም ኦክስጅን ያደርስለታል። ደለል ከተጫነው ግን ታፍኖ ይሞታል።

አስጋሪው የሚከተለው ይህንኑ ጉዞ ነው። በወንዙ አፍ መረቡ ማታ ተዘርግቶ ጠዋት ይነሳል። ውሃው ድፍርስ ስለሆነ ዓሣው መረቡን አያየውም፤ ጭንቅላቱን ያሾልክና ስንጥቡ ላይ ይያዛል። ሙላት ግንድና ቅርንጫፍ ስለሚያወርድ፣ መረቡ ዋናው ጅረት ላይ ከተጣለ ይቀደዳል፤ ስለዚህ ውሃው ረገብ የሚልበት ዳር ይመረጣል። መረቡ የሚጣለውም ብዙ ጊዜ ከደንገል ከተሠራ ታንኳ ላይ ነው።

ከላይ፣ በገባሮቹ፣ ውሃው ቀጭን ስለሆነ ዘዴው ይለያል። በቅርጫትና በወጥመድ መያዝ አለ፤ የደረቀ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ መጨመርም አለ። በፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን ዓሣው ኦክስጅን እንዳይጠቀም ስለሚከለክለው፣ ደንዝዞ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። መርዙ ትልቅ ከትንሽ አይለይም፤ ጫጩቱንም አብሮ ይጨርሳል።

ነጭ ዓሣ በዚህ ወቅት በቀላሉ የሚያዘው ለመራባት በአንድ ቦታ ስለሚሰበሰብ ነው፤ ጉዳቱም ከዚያው ይመነጫል። በወንዝ አፍ የምትያዝ እንስት ገና እንቁላሏን አልጣለችም። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት የተካሄደ ጥናት፣ ወንዝ ወጥተው ከሚራቡት ዝርያዎች የዓሣው ብዛት በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። የወንዝ ግድቦች መንገዳቸውን ሲዘጉ፣ አሸዋና ጠጠር ማውጣት ደግሞ መራቢያቸውን ያበላሻል።

የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ማስገርን በሥርዓት ለመምራት የወጣ ሕግ ነው። ለነጭ ዓሣ የሚበጀው ደንብ ግን ከኑሮው የሚቀዳ ነው፦ ከሐምሌ እስከ መስከረም በወንዝ አፍ መረብ አለመጣል፣ በቀሩት ወራት በሐይቁ ላይ ማስገር።