ካረጁ አይበጁ? የደመወዝ ጣሪያና የአንጋፋ ተከላካዮች ዕጣ

«ካረጁ አይበጁ» የሚለው አባባል ለበሬም ለሰውም ሲነገር ኖሯል። እውነት መሆን አለመሆኑን ለማየት ዛሬ ራቅ ወዳለ ቦታ እንሂድ፤ ወደ ሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሜዳዎች። እዚያ በክረምት ምሽቶች ብዙ ቤተሰብ ከቴሌቪዥን ፊት የሚያሰባስበው ጨዋታ አይስ ሆኪ ነው። በቶሮንቶ፣ በካልጋሪ ወይም በዋሽንግተን ዘመድ ያላችሁ አንባቢያን ስሙን ሳትሰሙ አትቀሩም።

ጨዋታውን ባናውቀውም ክለቦቹ በየዓመቱ የሚገጥማቸውን ጥያቄ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ገንዘቡ የተወሰነ ነው። ለዓመታት በታማኝነት ያገለገለ ሰው አለ። ከኋላው ደግሞ ባነሰ ደመወዝ የሚሠራ ወጣት ተራውን ይጠብቃል። ማን ይቆይ? በስንት? እስከ መቼ?

ቢዝነስ አጥንቼ በማርኬቲንግ ሙያ ስለምሠራ ስለ በጀት ብዙ ሰምቻለሁ። ውለታ በበጀት ውስጥ ስንት ያወጣል የሚለውን ጥያቄ ግን እንደ ሆኪ ክለቦች ፊት ለፊት ሲያሰላው ያየሁት ተቋም የለም።

ጣሪያው ከየት መጣ?

የሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ ኤንኤችኤል ይባላል። በአሜሪካና በካናዳ የሚገኙ 32 ክለቦች ይወዳደሩበታል። እ.ኤ.አ. በ2004 የክለብ ባለቤቶችና የተጫዋቾች ማኅበር በደመወዝ ጉዳይ መስማማት አቃታቸው። ባለቤቶቹ በራቸውን ዘጉ፤ የ2004–05 የውድድር ዘመንም ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ። አንድም ጨዋታ አልተደረገም፣ ዋንጫውንም ያነሣ አልነበረም። በ2005 በተደረሰው ስምምነት የደመወዝ ጣሪያ ተወለደ።

ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድ ክለብ ምንም ያህል ሀብታም ቢሆን ለተጫዋቾቹ ሁሉ በዓመት የሚመድበው ጠቅላላ ደመወዝ ከተወሰነ መጠን ማለፍ አይችልም። መጠኑ በመጀመሪያው ዓመት 39 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ለ2025–26 የውድድር ዘመን 95.5 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል። ከዚህ ገንዘብ እስከ 23 ተጫዋቾች ይከፈላቸዋል።

በሀገራችንም የእግር ኳስ ፌዴሬሽን በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ መወሰኑን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። የሆኪው ጣሪያ ከዚያ የሚለየው ዋነኛ ክብደቱ በቡድኑ ድምር ላይ በመሆኑ ነው። ለአንዱ የጨመርከው ዶላር ከሌላው ላይ የቀነስከው ነው። የክለቡ ባለቤት ደግ ልብና ሙሉ ካዝና ቢኖረውም፣ ለአንጋፋው ተጫዋች «አይዞህ፣ የአንተን ከኪሴ እሸፍናለሁ» ሊለው አይችልም።

አንድ ተጨማሪ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የብዙ ዓመት ውል ሲፈረም ጣሪያው ላይ የሚቆጠረው የውሉ አማካይ ነው። የሦስት ዓመት ውል በድምሩ 9 ሚሊዮን ዶላር ከሆነ፣ በእጅ የሚከፈለው በየዓመቱ ቢለያይም ጣሪያው ላይ በየዓመቱ 3 ሚሊዮን ይያዛል።

ለምን በተለይ ተከላካዮች?

በአንድ ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ተከላካዮች ይሰለፋሉ፤ ሁለት ሁለት እየሆኑም ይፈራረቃሉ። ከስልሳው የጨዋታ ደቂቃ ምርጦቹ ሃያ አምስቱን ያህል በረዶው ላይ ያሳልፋሉ። ሥራቸው ከባድ ነው። አጥቂው ወደ ፊት እየበረረ ሲመጣ እነሱ ፊታቸውን ወደ እሱ አድርገው ወደ ኋላ ይንሸራተታሉ። ፐክ የምትባለውን ከደረቅ ጎማ የተሠራች ጠፍጣፋ ክብ ነገርም በዱላቸው ብቻ ሳይሆን በሰውነታቸው ጭምር ያቆማሉ።

ይህ ሙያ ቶሎ አይበስልም። አጥቂ በሃያ ዓመቱ ሊያበራ ይችላል። ተከላካይ ግን አደጋውን ከመድረሱ በፊት ማየት፣ የት መቆም እንዳለበት ማወቅ፣ መቼ መታገሥ እንዳለበት መለየት ይኖርበታል፤ ይህንንም የሚያስተምረው ልምድ ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። አእምሮው ሲበስል ጉልበቱ መላላት ይጀምራል። ትልቁን ውል የሚያገኘው ስሙ ከገነነ በኋላ ስለሆነ፣ የውሉ መጨረሻ የሚደርሰው እግሩ ሲከብድ ነው። ክለቡ ትናንት ለተሠራው ሥራ ከነገው ጣሪያ ላይ ይከፍላል።

የቦስተኑ ግዙፍ

ዝዴኖ ቻራ ስሎቫካዊ ነው። 2 ሜትር ከ6 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ በሊጉ ታሪክ ረጅሙ ተጫዋች። ከ2006 ጀምሮ ለ14 የውድድር ዘመናት የቦስተን ብሩይንስ አምበል ነበር። በ2009 የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ የሚሸለመውን የኖሪስ ዋንጫ ወሰደ፤ በ2011 ክለቡን ለስታንሊ ካፕ ሻምፒዮንነት አበቃ። በ2019 ለዋንጫ ሲጫወቱ ፐክ መንጋጋውን ሰብራው ሳለ በቀጣዩ ጨዋታ ተሰልፏል። ያኔ 42 ዓመቱ ነበር።

ደመወዙን ስንከተል ግን ሌላ ታሪክ እናነባለን። በሰባት ዓመት ውሉ ዘመን ጣሪያው ላይ በየዓመቱ 7 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ይያዝለት ነበር። ያ ውል በ2018 ሲያበቃ የአንድ ዓመት ውል በ5 ሚሊዮን ፈረመ። በቀጣዩ ዓመት መነሻ ደመወዙ 2 ሚሊዮን ሆነ፤ ሌላው በጉርሻ መልክ የሚታከል ነበር። ከዚያ ወረርሽኙ መጣ። የሊጉ ገቢ ስለተመታ የደመወዝ ጣሪያው ለሦስት የውድድር ዘመናት 81.5 ሚሊዮን ላይ ቆመ። ቦስተን ለወጣት ተከላካዮቹ ሰፊ ቦታ ለመስጠት ወሰነ። በ2020 ታኅሣሥ መጨረሻ ቻራ በ43 ዓመቱ ወደ ዋሽንግተን አቀና፤ ደመወዙም 795 ሺህ ዶላር ነበር።

ብዙ ሰው ይህን የውለታ ቢስነት ምሳሌ ያደርገዋል። እኔ ግን እስከ መጨረሻው ማየትን እመርጣለሁ። ቻራ የተጣላ ሰው ሆኖ አልቀረም። ለዋሽንግተን፣ ቀጥሎም ለኒውዮርክ አይላንደርስ ተጫወተ። በ2022 በ44 ዓመቱ ከየትኛውም ተከላካይ የበለጠ ጨዋታ ያደረገ ሰው ሆነ፤ ድምሩም 1,680 ደርሷል። በዚያው ዓመት መስከረም ወር ከቦስተን ጋር የአንድ ቀን ውል ፈርሞ፣ የቦስተን ሰው ሆኖ ጡረታ ወጣ። በ2025 ደግሞ ወደ ሆኪ የዝና አዳራሽ ገባ። ክለቡ የውድድር ቦታውን ለወጣት ሰጥቷል፤ ክብሩን ግን አልነሣውም። የመጀመሪያው የበጀት ጉዳይ ነው፣ ሁለተኛው የሰውነት።

ጡረታ መውጣት ያልቻለው ሰው

ሁለቱ ሲደባለቁ ምን እንደሚመጣ የሚያሳየን ክሪስ ፕሮንገር ነው። ካናዳዊው ተከላካይ በ2000 የኖሪስን ዋንጫ ብቻ ሳይሆን የሊጉን ኮከብ ተጫዋችነት ሽልማትም ወስዷል። በ2009 ከፊላደልፊያ ፍላየርስ ጋር የሰባት ዓመት ማራዘሚያ ፈረመ። ጣሪያው ላይ የሚያዝለት በየዓመቱ ወደ 5 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋ ነበር።

ሊጉ ግን በወቅቱ አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረው። ተጫዋቹ 35 ዓመት ከሞላው በኋላ የሚጀምር የብዙ ዓመት ውል፣ ሰውዬው ጡረታ ቢወጣ እንኳ ከጣሪያው ላይ አይነሣም ነበር። ሕጉ የወጣው ክለቦች ላረጀ ሰው በወረቀት ላይ ረጅም ዓመት እየጨመሩ አማካዩን ዝቅ እንዳያደርጉ ነው። ፕሮንገር ሲፈርም 34 ዓመቱ ነበር፤ ውሉ ሥራ ላይ ሲውል ግን 35 ሞልቶታል።

በ2011 ጥቅምት ወር የባላጋራ ዱላ ዓይኑን መታው። በኅዳር የመጨረሻ ጨዋታውን አደረገ። ከዚያ ወዲያ አልተጫወተም፣ ጡረታም አልወጣም፤ ቢወጣ ያ ገንዘብ እንደ ድንጋይ ክለቡ ላይ ይጫን ነበር። ስለዚህ ለጣሪያው ፋታ በሚሰጠው የረጅም ጊዜ ጉዳተኞች መዝገብ ላይ ቆየ። በ2014 በሊጉ የተጫዋቾች ደኅንነት ክፍል ሥራ ጀመረ፤ አሁንም ተጫዋች ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። በ2015 ውሉ ወደ አሪዞና ክለብ ተሸጋገረ። በሊጉ ክለቦች ከጣሪያው እንዳያልፉ ብቻ ሳይሆን ከተወሰነ ወለል በታች እንዳይወርዱም ስለሚገደዱ፣ እንዲህ ያለውን ውል የሚፈልግ አይጠፋም። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ፕሮንገር ወደ ዝና አዳራሽ ሲገባ ውሉ ገና አላበቃም ነበር። የሚያበቃው በ2017 ነው።

ሰው ወደ ቁጥር የሚለወጥበትን መንገድ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም። ማንም ክፉ አልሠራም። ክለቡ ያመነበትን ሰው ረጅም ውል ሰጠ፣ ሰውዬውም ተቀበለ። ነገር ግን ረጅሙ ቃል የተሰጠው ማንም ዋስትና ሊሰጥ ለማይችለው ነገር፣ ለሰውነት ነበር።

ከ6.75 ሚሊዮን ወደ 800 ሺህ

ማርክ ጆርዳኖ የቶሮንቶ ልጅ ነው። ለወጣቶች በሚደረገው ዓመታዊ ምርጫ የፈለገው ክለብ አልነበረም፤ በራሱ ጥረት ካልጋሪ ገብቶ ከ2013 ጀምሮ አምበል ሆነ። በ2019፣ በ35 ዓመቱ፣ የኖሪስን ዋንጫ ወሰደ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲያትል አዲስ ክለብ ስታቋቁም፣ እያንዳንዱ ክለብ ከተወሰኑ ተጫዋቾች በቀር ሌሎቹን ለምርጫ ክፍት እንዲያደርግ ተጠየቀ። ካልጋሪ በዕድሜ ከእሱ የሚያንሱ ሦስት ተከላካዮችን ሸሸገ። 37 ዓመት የሞላው አምበሉን ከነ6.75 ሚሊዮን ዶላር ውሉ ደጅ ላይ ተወው። ሲያትል ወሰደው፣ የመጀመሪያ አምበሉም አደረገው።

በ2022 ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ቶሮንቶ ተዛወረ። ቶሮንቶ በወቅቱ አራት አጥቂዎቹ ብቻ ከጣሪያው ግማሽ ያህሉን የሚወስዱበት ክለብ ነበር። ለተከላካይ የቀረው ፍርፋሪ ነበር። ጆርዳኖ በዓመት 800 ሺህ ዶላር የሁለት ዓመት ውል ፈረመ፤ የሊጉ ዝቅተኛ ደመወዝ በወቅቱ 750 ሺህ ነበር። በመጀመሪያው የውል ዓመት ሊጉ መቁጠር ከጀመረበት ከ2005 ወዲህ በሰውነቱ ብዙ ምት ያቆመ ተጫዋች ሆነ። ክለቡም ከ2004 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በጥሎ ማለፍ አንድ ዙር አለፈ።

ዋጋው የቀነሰ ሰው ጥቅሙም ቀንሷል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። በ6.75 ሚሊዮን ሸክም የነበረው ሰው በ800 ሺህ በረከት ሆነ። የተለወጠው ሰውዬው ሳይሆን ከእሱ የሚጠበቀው ነው።

በየዓመቱ አንድ ፊርማ

ስዊድናዊው ኒክላስ ሊድስትሮም ሃያ የውድድር ዘመናት የተጫወተው ለአንድ ክለብ፣ ለዲትሮይት ብቻ ነው። የኖሪስን ዋንጫ ሰባት ጊዜ ወስዷል። የመጨረሻውን ሲወስድ፣ በ2011፣ 41 ዓመቱ ነበር። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት በየዓመቱ የአንድ ዓመት ውል ብቻ ነበር የሚፈርመው። የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ራሱን መዘነ፣ ክለቡም መዘነው፤ በቃኝ ሲል በ2012 በክብር ወጣ። ማንም የማንም ዕዳ አልነበረም።

የአንድ ዓመት ውል ለአንጋፋ ሰው ስድብ የሚመስላቸው አሉ። ነገር ግን ሕጉን ስናይ ለሁለቱም ወገን መጠለያ ነው። ክለቡ ስለ ነገው ሰውነት አይወራረድም። ተጫዋቹም በሊጉ ሕግ ዕድሜው 35 ከሞላ በኋላ በአንድ ዓመት ውል ላይ ጉርሻ እንዲታከልለት መደራደር ይችላል፤ መነሻው ዝቅ ይላል፣ በተጫወተ ቁጥር ይጨመርለታል። ገና ብርቱ ከሆነ ያገኛል፣ ካልሆነም የማይችለውን እንዲያስመስል አይገደድም።

እንግዲህ «ካረጁ አይበጁ» የሚለው አባባል የሚፈርሰው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ያረጀ ሰው ይበጃል፤ ግን በድሮው ሥራ፣ በድሮው ዋጋና በማያልቅ ቃል አይደለም። የቤተሰብ ሱቅ ወይም አነስተኛ ድርጅት የምታስተዳድሩ አንባቢያን ለሃያ ዓመት አብሯችሁ የሠራ ሰው አላችሁ ይሆናል። እሱን ማባረርና ምንም እንዳልተለወጠ ማስመሰል ብቻ አይደሉም ያሉት አማራጮች። ሥራውን ማቅለል፣ አዲሱን ሠራተኛ እንዲያለማምድ ማድረግ፣ ስምምነቱን በየዓመቱ ተቀምጦ ማደስ ይቻላል። ንግግሩ መጀመር ያለበት ግን ጉልበቱ ከደከመና ሁለቱም ወገን ከተኮራረፈ በኋላ ሳይሆን ሰውዬው ገና በሙሉ ክብሩ ሳለ ነው። እሱ ራሱ ምን ያህል እንደሚችልና ምን እንደሚፈልግ መጀመሪያ እሱን ጠይቁት።