ገመና ነው ብለን የምናልፈው ዙልም
(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ትምህርት የተወሰደ)

ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ከዓመታት በፊት አንዲት እህት ከዒሻ ሰላት በኋላ መስጂድ በር ላይ ጠብቃ ባሏ እንደሚመታት ነገረችኝ። ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ባልየው አለቀሰ፣ ይቅርታ ጠየቀ። እኛም «ለልጆችሽ ስትዪ ሶብር አድርጊ» ብለናት፣ ዱዓ አድርገን፣ ሻያችንን ጠጥተን ወጣን። ሁለት ወር ሳይሞላ እጇ በጀሶ ታስሮ አየኋት። «ሸኽ፣ እናንተ እንደወጣችሁ ‹ሚስጥሬን አወጣሽብኝ› ብሎ ነው የሰበረኝ» አለችኝ። ያስታረቅን መስሎን በዳዩን አደፋፍረን፣ የተበዳይዋን አፍ ዘግተን ነበር የወጣነው። አላህ ይቅር ይበለኝ። የዛሬውን ርዕስ የመረጥኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም። በ2008 በአገራችን የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑና ትዳር ከያዙ ወይም ይዘው ከሚያውቁ ሴቶች መካከል 34 በመቶው ከትዳር ጓደኛቸው አካላዊ፣ ጾታዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ውስጥ እርዳታ የፈለጉት ደግሞ 23 በመቶ ብቻ ናቸው። ይህ ቁጥር የሁሉንም ሃይማኖት ተከታዮች የሚመለከት ነው፤ የእኛን ሰፈር ለይቶ አያልፍም።

«ባል ሚስቱን መምታት በቁርኣን ተፈቅዶለት የለም ወይ?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። የሚጠቅሱት የሱረቱ አን-ኒሳእን 34ኛ አንቀጽ ነው። ነገር ግን አንቀጹን ከማንም በላይ የሚያውቁት ሰዎች እንዴት ተረዱት? ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) የተባለው በሲዋክና በመሰለው ነገር እንደሆነ ተናግረዋል። የመካው ታላቅ ዓሊም ዐጣእ ኢብን አቢ ረባሕ ደግሞ ባል ይቆጣል እንጂ አይመታም ብለዋል። ፊትን መምታት በሐዲስ በግልጽ ተከልክሏል። ዱላ፣ ቀበቶ፣ ጥፊና እርግጫ ከዚህ አንቀጽ ጋር ምን አገናኛቸው? እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሴትንም ሆነ አገልጋይን በእጃቸው መትተው እንደማያውቁ አስተላልፈዋል። ጺሙንና ልብሱን በሱንና የሚያስተካክል ሰው ይህንን ሱንና የት ጣለው?

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ይህ ጉዳይ ከበር ውጭ የሚቀር ገመና አልነበረም። ሐቢባ ቢንት ሰህል (ረ.ዐ) ባሏ መትቷት አካሏን በሰበራት ጊዜ ማልዳ ነቢዩ ዘንድ መጣች። «ታገሺ» ብለው አልመለሷትም፤ ባሏን አስጠሩት፣ የሰጣትን መህር እንዲወስድና እንዲለያት አደረጉ። ፋጢማ ቢንት ቀይስም (ረ.ዐ) ሊያገቧት ስለጠየቋት ሰዎች ባማከረቻቸው ጊዜ፣ አንደኛው በትሩን ከትከሻው የማያወርድ መሆኑን ነገሯት። ይህንን ሐሜት ብለን ልንጠራው እንችላለን? አንችልም። እንግዲያው ልጃቸውን ሊድሩ ያሉ ሰዎች ስለ ሰውየው ሲጠይቁን፣ ቀድሞ ሚስቱን ይደበድብ እንደነበር እያወቅን «ጥሩ ልጅ ነው» ብለን የምንመሰክር ምን ልንባል ነው?

አሁን ወደ ሥራ ቦታ እንምጣ። «ይህ ከሱቄ ወይም ከመሥሪያ ቤቴ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ነጋዴ ወይም ኃላፊ ይኖር ይሆናል። ሠራተኛህ በሳምንት ሁለቴ ታረፍዳለች። በሙቀት ቀን ረጅም እጅጌ ለብሳ፣ ሻሿን ወደ ዓይኗ ስባ ትመጣለች። ስልኳ በጮኸ ቁጥር ትደነግጣለች። ባሏ በር ላይ ቆሞ ይሳደባል፣ ደመወዟን በእጁ ካልሰጣችሁኝ ይላል። አንተም «ሥራዬን በጠበጠች» ብለህ ብታሰናብታት፣ ባልየው በዱላ የጀመረውን አንተ ጨረስክለት ማለት ነው። ያ ደመወዝ ልጆቿን ይዛ ለመውጣት ያላት ብቸኛ ስንቅ ሊሆን ይችላል።

አሠሪ የሽማግሌነት ሥራ አይጠበቅበትም። ነገር ግን በእጁ ያሉ ነገሮች አሉ። ደመወዟን ለራሷ ብቻ ይስጥ፤ በሸሪዓችን ሴት ሠርታ ያገኘችው የራሷ ሀብት ነው፣ የቤቱ ነፈቃ ደግሞ በባል ላይ ነው። ሐኪም ቤት፣ ፖሊስ ጣቢያ ወይም ፍርድ ቤት ለመሄድ ፈቃድ ስትጠይቅ አይከልክላት። ጥበቃው ማንን ማስገባት እንደሌለበት ይወቅ። የምትገባበትንና የምትወጣበትን ሰዓት ማንም በስልክ ለጠየቀ አይናገር፤ ካስፈለገም ፈረቃዋ ይቀየር። የነገረችውን ሚስጥር የሻይ ሰዓት ወሬ አያድርገው፤ አማና ነውና። የሥራ ባልደረባ ደግሞ ለብቻዋ ሆና «እህቴ፣ ደህና ነሽ? የምረዳሽ ነገር አለ?» ቢላት ትልቅ ነገር ነው። ዛሬ ባትመልስ እንኳ ነገ ወዴት እንደምትመጣ ታውቃለች።

ተደብዳቢው ሁልጊዜ ሚስት ብቻም አይደለም። በእንጀራ እናት የሚሰቃይ ልጅ፣ በልጁ የሚገፋ አረጋዊ አባት፣ በቤታችን የምትሠራ የሰው ልጅ አለች። እሷ ዘንድማ ቤቱም የሥራ ቦታው አንድ ነው፤ አሠሪዎቿም እኛው ነን። በዓረብ አገር በእህቶቻችን ላይ የሚደርሰውን እየሰማን እናለቅሳለን፤ ጓዳችን ውስጥ ያለችውን ግን ማን ይጠይቅላት?

ለእኛ ለሽማግሌዎችና ለኢማሞችም የምለው አለኝ። በሱረቱ አን-ኒሳእ 35ኛ አንቀጽ ከሁለቱም ወገን ዳኛ እንዲላክ የታዘዘው ለማስታረቅ ነው፤ ዙልምን ለመሸፈን አይደለም። ስለዚህ ሴቲቱን ባሏ በሌለበት እንስማት። ድብደባው ሳይቆም ስለ እርቅ አናውራ። ካስታረቅን በኋላም በሳምንቱ፣ በወሩ እየሄድን እንጠይቅ። ለሕይወቷ የሚያሰጋ ነገር ካየን ግን መጀመሪያ ወደ ዘመድ ወይም ወደ ማረፊያ እናውጣት፣ ሐኪም ይያት፣ ለፖሊስ እናመልክት። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ወንጀል አድርጎታል። መለያየት ከመጣም፣ ሁለቱም ወገን ፈቃደኛ ከሆኑ፣ በ1992 በአዋጅ ቁጥር 188 የተጠናከሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የኒካሕን፣ የፍቺንና የነፈቃን ጉዳይ ያያሉ። ነፃ የሕግ ምክር ለምትፈልግም የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበር አለ።

ሶብር በአላህ ዘንድ ትልቅ ደረጃ አለው። ግን ሶብር ለተበዳይ ብቻ የሚታዘዝ መድኃኒት ሲሆን፣ ለበዳይ ፈቃድ ይሆንለታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዳይ ወንድማችንንም እንድንረዳ አዘውናል፤ እርዳታውም እጁን ከበደል መያዝ ነው። ሚስትህን የምትመታ ወንድሜ፣ እኔ ጠላትህ አይደለሁም። ዛሬውኑ ተውበት አድርግ፣ ሐቋን መልስላት፣ ቁጣህ ከአቅምህ በላይ ከሆነ ወደ ኢማምህም ወደ ሐኪምም ሂድ። ነገ በቂያማ ቀን አንተና እሷ አላህ ፊት ስትቆሙ ሽማግሌ የለም።

ያቺ እህት ዛሬ ልጆቿን ይዛ በሰላም ትኖራለች፣ አልሐምዱሊላህ። ከቤት ያወጣት የእኔ ምክር አልነበረም። የምትሠራበት ሱቅ ባለቤት የሆኑ አንድ ሐጂ እጇን አይተው «ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ብለው በመጠየቃቸው ነው።

አላህ ቤቶቻችንን የመረጋጋት፣ የፍቅርና የእዝነት ቤቶች ያድርግልን። የተበዳይን እምባ አይተው ከማያልፉት ያድርገን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።