ዛፉ ራሱ ፍሪጅ ነው

ብርቱካን ከተራ ፍሬነት ወደ ክቡር እንግድነት ከተሸጋገረ ቆይቷል። ልጆች ሳለን በሽተኛ ጥየቃ ሲኬድ ፌስታሉ ውስጥ ብርቱካንና ሙዝ አይጠፋም ነበር። አሁን ሙዙ ብቻውን ቀርቷል። ጁስ ቤት ገብታችሁ «ብርቱካን አለ?» ብትሉ ወይ «የለም» ትባላላችሁ፣ ወይ ዋጋውን ሰምታችሁ በዝምታ አቮካዶ ታዛላችሁ።

ሁሉንም ነገር በዋጋ ንረት ማሳበብ ለምዶብናል። የብርቱካን ጉዳይ ግን ከዚያ ይሰፋል። እንደ ኑራ ኤራ ያሉት የላይኛው አዋሽ እርሻዎች ስማቸው ከብርቱካን ጋር ነበር የሚነሳው። ዛፎቹ አረጁ፤ ቅጠሉንና ፍሬውን በጠባሳ የሚሞላ የፈንገስ በሽታ ገባ፤ ቅጠል ሥር ተለጥፎ የሚመጥ ነጭ ዝንብም ተጨመረ። ሽንኩርት ቢወደድ ገበሬው በጥቂት ወራት ሌላ ሽንኩርት ያደርሳል። ብርቱካን ዛሬ ቢተከል፣ ያውም ግራፍት የተደረገ ችግኝ ሆኖ፣ ሦስት ዓመት ገደማ ይጠይቃል፤ ከዘር ከተነሳ ደግሞ ከዚያ በእጥፍ ሊቆይ ይችላል። ዋጋው ዛሬ ሰማይ ቢነካም ዛፉ አይቸኩልም። ሱፐርማርኬት የተደረደረው የውጭ ብርቱካን ደግሞ የዶላርን ጣጣ ተሸክሞ ነው የሚመጣው።

ለዚህ ነው ግቢያቸው ውስጥ አንድ የብርቱካን ወይ የመንደሪን ዛፍ ያላቸውን የሐዋሳ፣ የአርባ ምንጭና የድሬዳዋ ሰዎች በቅናት የማያቸው። ቅናቴ ግን ከሚቆጥቡት ብር አይደለም። ውሃውን፣ ጉልበቱንና የጠበቁትን ዓመት ብትደምሩት «በነጻ አገኘሁ» ማለት ይከብዳል። የሚያስቀናው ሌላ ነገር ነው፦ ጊዜውን የሚወስኑት እነሱ መሆናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙዝ፣ ማንጎና አቮካዶ ጥሬ ተቆርጠው ቤት ውስጥ ይበስላሉ። ብርቱካን፣ መንደሪን፣ ሎሚና ግሬፕፍሩት ግን ከዛፍ ከወረዱ በኋላ አይጣፍጡም። ስኳራቸው የሚመጣው ከቅጠሉ ነው፤ አንዴ ከተቆረጡ ያ መስመር ተዘጋ። መደርደሪያ ላይ ሳምንት ብታስቀምጡት ይለሰልሳል፣ ይደርቃል እንጂ የገዛችሁት ኮምጣጣ ብርቱካን ማር አይሆንም። ስለዚህ ነጋዴው መኪና ስለመጣለት ወይም ዋጋ ስለጨመረ ቀድሞ ካስቆረጠው፣ የጎደለውን ጣዕም ገዢው መቼም አያገኘውም።

ባለ ዛፉ ግን አይቸኩልም። ፍሬው ከደረሰ በኋላም ዛፉ ላይ ለሳምንታት፣ ግሬፕፍሩት ከሆነ ለወራት ሳይበላሽ ይቆያል። ዛሬ አንድ ቆርጦ ይቀምሳል፤ ከኮመጠጠው ሌላውን ለሁለት ሳምንት ይተወዋል። መብራት የማይጠፋበት፣ ቆጣሪ የማይቆጥርበት ፍሪጅ ማለት ይሄ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቀለም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው ሲሸወድበት ስለማይ። አረንጓዴ ልጣጭ ማለት ጥሬ ፍሬ ማለት አይደለም። ብርቱካን ቢጫ ወይም ብርቱካናማ የሚሆነው ሌሊቱ ቀዝቀዝ ሲልለት ነው። ሌሊቱም ሞቃት በሆነበት ቆላ ውስጡ ጣፍጦ፣ ውሃ ሞልቶ ልጣጩ አረንጓዴ ሊቀር ይችላል። ከውጭ የሚመጣው ያ የሚያብለጨልጭ ብርቱካን አንዳንዴ ከተቆረጠ በኋላ በጋዝ ቀለሙን እንዲቀይር የተደረገ ነው። ቀለሙን ትታችሁ ክብደቱን በእጃችሁ መዝኑት። እኩል መጠን ካላቸው ሁለቱ፣ ከባዱ ውሃ ያለው ነው።

ወደ ግሬፕፍሩት ልምጣ፤ ከሁሉም በላይ የተበደለ ፍሬ እሱ ይመስለኛል። የአማርኛ ስም እንኳ አላገኘም። ብዙዎቻችን አንዴ ቀምሰን «መራራ ብርቱካን» ብለን ትተነዋል። ግሬፕፍሩት የድቅል ልጅ ነው፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ካሪቢያን ውስጥ፣ ባርቤዶስ ላይ፣ ጣፋጭ ብርቱካን ፖሜሎ ከሚባለው ትልቅ ፍሬ ጋር ተዳቅሎ የተገኘ። የስሙ መነሻም እንደ ወይን ተንዠርግጎ ማፍራቱ ነው ይባላል።

ከዘመዶቹ ሁሉ ሙቀት የሚወደው እሱ ነው። አዋሽ ወይም ድሬዳዋ ላይ ሲበቅል ልጣጩ ይሳሳል፣ ጣዕሙ ይለዝባል። አዲስ አበባ ላይ ተክላችሁት ቢያፈራላችሁ እንኳ ልጣጩ ወፍራም፣ ውስጡ ኮምጣጣ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ትምህርት ቤት «ኮምፓራቲቭ አድቫንቴጅ» እያሉ ያስተማሩንን በአፍ መቅመስ የሚፈልግ ይሞክረው! ድሬዳዋ ዘመድ ካላችሁ ግን ሲመጡ ከባቅላባው ጎን ሁለት ሦስት ፍሬ እንዲይዙላችሁ ንገሯቸው።

አበላሉም ለውጥ ያመጣል። ምሬቱ በብዛት ያለው ነጩ ክፍልና ውስጡን የሚከፋፍለው ስስ ቆዳ ላይ ነው። ሁለት ቦታ ቆርጣችሁ፣ ሥጋውን ብቻ ከቆዳው በማንኪያ አውጡት። ከዚያ ስኳር ሳይሆን ትንሽ ጨው ነስንሱበት። የሚገርም ነው፣ ጨው ምሬትን ይጫናል፤ ተደብቆ የነበረው ጣፋጭነት ብቅ ይላል።

ለአዲስ አበባ ልጅ፣ በተለይ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር፣ የሚያዋጣው ሎሚ ነው። ሎሚ ሙቀት ቢያንሳት ብዙም አንጎዳም፤ ሲጀመር የምንፈልጋት ለኮምጣጣነቷ አይደል? ታችኛው የተበሳ ሰፊ ባልዲ፣ ውሃ የሚያሳልፍ አፈር፣ በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ የሚያገኝ በረንዳ ይበቃታል። በረንዳ ላይ ሎሚን የሚገድላት አብዛኛውን ጊዜ ጥማት ሳይሆን የውሃ ብዛት ነው፤ ሥሯ ይበሰብሳል። የአፈሩ ላይኛው ክፍል ሲደርቅ ብቻ አጠጧት። በነገራችን ላይ የሎሚ አንዱ ወላጅ ያ ጎርባጣው፣ ነጩ ክፍሉ የሚበላው ትርንጎ ነው። ሲታዩ ማን ዘመድ ናቸው ይላል?

ትልቅ ዛፍ ያላቸው ሰዎች ያለባቸው ችግር የበረንዳውን ሰው አይነካውም፤ ሁሉም ባንዴ ይደርሳል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው፣ እኛ ክፍል ውስጥ በግራፍ ያየነውን እየቀነሰ የሚሄድ እርካታ በአንድ መስመር ጨርሶታል። አስረኛዋ ሎሚ ለእናንተ ምንም አትጨምርም፤ ለጎረቤት ግን የመጀመሪያዋ ናት። የተረፈውን ጨምቃችሁ በበረዶ መሥሪያ ፍሪዘር ውስጥ ብታስቀምጡት ደግሞ ለወራት ይቆያል።

ይህን ሁሉ አንብባችሁ ለእናትና አባታችሁ ግሬፕፍሩት ከመግዛታችሁ በፊት ግን የሚወስዱትን መድኃኒት ጠይቁ። ግሬፕፍሩት አንጀት ውስጥ መድኃኒት የሚሰባብረውን ኢንዛይም ያግዳል። ያኔ የተዋጠው አንድ ክኒን ደም ውስጥ ሲገባ እንደ ብዙ ክኒን ሊሆን ይችላል። ለኮሌስትሮል የሚሰጠው ሲምቫስታቲን፣ ለደም ግፊት የሚሰጠው ኒፈዲፒን ከሚነኩት ውስጥ ናቸው፤ ሌሎችም ብዙ አሉ። «ጠዋት ፍሬውን፣ ማታ ክኒኑን» የሚለው ዘዴም አይሠራም፤ ውጤቱ ከአንድ ቀን በላይ ሊቆይ ይችላል። ፖሜሎም እንደዚሁ ነው። ጣፋጩ ብርቱካንና መንደሪን ግን ይህ ጠባይ የለባቸውም። የክኒኑን ፓኬት ፎቶ አንስታችሁ ፋርማሲ አሳዩ፤ «ከግሬፕፍሩት ጋር ይሄዳል?» ብሎ መጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።